የተዳፈነው ፍም

የምርመራው ውጤት በአንዲት ወረቀት ይመጣል። የካርድ ቁጥር፣ ደሙ የተቀዳበት ቀን፣ ከታች ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የተቆጠረው የቫይረስ ቅጂ ይጻፍበታል። መድኃኒቱን ሳያዛንፍ የወሰደ ሰው ወረቀት ላይ ግን በቁጥሩ ቦታ «አልታየም» የሚል ቃል ይነበባል። በዚህች ቃል ዙሪያ በየጤና ጣቢያው የምክር ክፍል ሳይሰለች የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ሲስተር፣ ካልታየ ታዲያ ለምን እውጣለሁ?» ጥያቄው የዋህ ቢመስልም የዘርፉ ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያንገላቱት የኖሩት ጥያቄ ይኸው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ተደብቆ ነው፤ ካቆምክ ይወጣል» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ሰው እንዲጠራጠር በር ይከፍታል።

«ተደበቀ» ስንል ቫይረሱ ሐሳብ ያለው፣ አሳዳጁን አይቶ ዋሻ የገባ ሽፍታ ይመስለናል። የተደበቀ ነገር ደግሞ በሚገባ ከተፈለገ ይገኛል፤ ወይም ዘመን ሲረዝም ዋሻው ውስጥ ይሞታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ለነገሩ የሚቀርበው ምስል ከየቤታችን ምድጃ የሚገኘው ነው። ማታ ፍሙ አመድ ይለብስና ይዳፈናል፤ ለሊቱን ሙሉ ብርሃንም ጭስም የለውም፤ ጠዋት አመዱ ገለጥ ተደርጎ ጭራሮ ሲጨመርበት ይያያዛል። የተዳፈነ ፍም አልሞተም፣ አልተደበቀምም። መያያዝ አለመያያዙን የሚወስነው ራሱን መልሶ የሚያቀጣጥልበት ሙቀት ማግኘት አለማግኘቱ ነው። ኤችአይቪ ይህን ሥራ የሚሠራለት አንድ ትንሽ ፕሮቲን አለው፤ ስሙ ታት ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የቫይረሱ እንቅልፍም ንቃቱም በዋናነት ከዚህ ፕሮቲን የሥራ ጠባይ የሚመነጩ ናቸው፤ ስለዚህም «አልታየም» የሚለውን ቃል «አልተቀጣጠለም» ብለን ብናነበው ከእውነቱ እንቀርባለን የሚል ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤችአይቪ ከሚያደርሰው ጥፋት ጋር ሲነጻጸር ሀብቱ ያሳፍራል። የሰው የዘር መረጃ በሦስት ቢሊዮን ፊደላት የተጻፈ ነው፤ የእሱ ግን 9,700 ገደማ ፊደላትና ዘጠኝ ዘረመሎች ብቻ ናቸው። የራሱ ሞተር የለውም። ሲዲፎር የሚባለውን ነጭ የደም ሕዋስ ሰብሮ ከገባ በኋላ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ይለውጥና በሕዋሱ ክሮሞሶም መካከል ይሰፋዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለሕዋሱ ከራሱ ዘረመሎች እንደ አንዱ ነው፤ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር አብሮ ይገለበጣል፣ ሕዋሱ ባረፈ ጊዜ አብሮ ያርፋል። ከተሰፋው ጽሑፍ መነሻ ላይ የትእዛዝ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ የሕዋሱ ፕሮቲኖች ያርፋሉ፤ ፖሊመሬዝ ሁለት የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ እንደ ቁም ጸሐፊ ተቀምጦ ዲኤንኤውን እያየ በአርኤንኤ መገልበጥ ይጀምራል።

ይጀምራል እንጂ አይዘልቅም። ጥቂት አሥር ፊደላትን ጽፎ ብዕሩ ይቆማል። ኔልፍና ዲሲፍ የሚባሉ ሁለት የሕዋሱ ፕሮቲኖች ክንዱን ይዘውታል። ይህ በቫይረሱ ላይ ብቻ የተሠራ ደባ እንዳይመስለን፤ ከራሳችን ዘረመሎች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ጸሐፊው መነሻው ላይ ተቀምጦ፣ ብዕሩን ነክሮ፣ «ቀጥል» የሚል ትእዛዝ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ለቫይረሱ ግን ይህ ሥርዓት ሞት ነው፤ ከቁርጥራጭ አርኤንኤ ቫይረስ አይሠራምና። ከ9,700ው ፊደላት የመጀመሪያዎቹን ስልሳ ብቻ ደጋግሞ የሚጽፍ ጸሐፊ መጽሐፉን መቼም አይጨርሰውም።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ነገር መኖሩ የታወቀው ቫይረሱ ራሱ ገና አንድ ስም ሳይጸናለት በ1985 ነው። ጆሴፍ ሶድሮስኪ፣ ዊልያም ሄዝልታይን፣ ፍሎሲ ዎንግ ስታልና ባልደረቦቻቸው የቫይረሱን የትእዛዝ ሰሌዳ ቆርጠው ምርቱ በቀላሉ ከሚለካ ሌላ ዘረመል ፊት ለፊት ሰፉት። ሰሌዳው ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ የረባ ነገር አላመረተም፤ በቫይረሱ የተያዘ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ምርቱ እጥፍ ድርብ ሆነ። እንግዲህ የተያዘው ሕዋስ ውስጥ ሰሌዳውን ከሩቅ መጥቶ የሚቀሰቅስ የቫይረሱ ውጤት አለ ማለት ነው፤ ታት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራው ነው። በተከታዩ ዓመት የታት ዘረመል የተቆረጠበት ቫይረስ መባዛት እንደማይችል ታየ። እንቆቅልሹ ግን በዚህ አልተፈታም። እስከዚያ ድረስ የሚታወቁት ዘረመል ቀስቃሾች ዲኤንኤ ላይ የሚያርፉ ነበሩና ታትም እንዲሁ ያደርጋል ተብሎ ተጠበቀ፤ አላደረገም። የሚያርፈው ገና እየተጻፈ ባለው አርኤንኤ ጫፍ ላይ ነበር። በ1987 ከማቲያ ፒተርሊን ቤተ ሙከራ የወጣ ሥራ ደግሞ ዋናውን ነገር ጠቆመ፤ ታት በሌለበት ጊዜ አጫጭር ቁርጥራጮች በብዛት ይጻፋሉ፣ ታት ሲኖር ጽሑፉ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ታት አዲስ ጸሐፊ አይቀጥርም፤ ቆሞ የቀረውን ያስቀጥላል።

ይህን ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የቀረው ክርክር ሁሉ የቆመው በዚህች ጥቃቅን ሥፍራ ላይ ነው። ጸሐፊው ከመቆሙ በፊት የጻፋቸው 59 ፊደላት ታር ይባላሉ። ክሩ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ በራሱ ላይ ይታጠፍና ሁለቱ ጎኖቹ እንደ ዚፕ ጥርስ ተጣምረው አንድ ዘንግ ይሆናሉ። በዘንጉ ጎን ጥንድ ያጡ ሦስት ፊደላት እንደ እባጭ ወጣ ብለዋል፤ በአናቱ ላይ ስድስት ፊደላት ቀለበት ሠርተዋል። ታት፣ በአብዛኞቹ የቫይረሱ ዝርያዎች 101 አሚኖ አሲድ ብቻ የሚረዝመው ፕሮቲን፣ አርጊኒን በበዛበት ወገኑ እባጩን ይጨብጠዋል። ቀለበቱን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ግን ዓመታት ፈጀ። መልሱ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። የአዮዋው ዴቪድ ፕራይስ በፍሬ ዝንብ ሕዋስ ውስጥ የቆመን ፖሊመሬዝ የሚያስቀጥለውን ነገር እየፈለገ ነበር፤ ያገኘውን የፕሮቲን ጥምረት ፒ-ቴፍ-ቢ አለው። ይኸው ጥምረት የታት ሸሪክ መሆኑ በ1997 ታወቀ፤ በ1998 ደግሞ የካተሪን ጆንስ ቡድን ሳይክሊን ቲ1 የሚባለው የጥምረቱ አካል ከታት ጋር ተያይዞ የታርን ቀለበት እንደሚይዝ አሳየ። ሌላው የጥምረቱ አካል ሲዲኬ9 ኢንዛይም ነው። ታት እጁን ጎትቶ ከጸሐፊው አጠገብ ሲያቆመው ሲዲኬ9 በፖሊመሬዙ ጅራትና ክንድ በያዙት በሁለቱ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ኔልፍ ለቅቆ ይሄዳል፤ ዲሲፍ ከከልካይነት ወደ አጋዥነት ይገለበጣል። ብዕሩ ይንቀሳቀሳል።

የዚህ ሁሉ ማረጋገጫ አይጥ ናት። ታት በአይጥ ሕዋስ ውስጥ ደካማ መሆኑ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አይታወቅም ነበር። የሰውና የአይጥ ሳይክሊን ቲ1 ጎን ለጎን ሲነበቡ በ261ኛው ቦታ ላይ በሰው ሲስቲን፣ በአይጥ ታይሮሲን ተገኘ። የአይጡ ታይሮሲን በሲስቲን ሲተካ ታት በአይጥ ሕዋስም ሠራ። ዝርያ ከዝርያ የሚለየው ግንብ በአንድ አሚኖ አሲድ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚህ አንድ ሐቅ እንጨብጣለን፤ ቫይረሱ ይዞት የመጣው ማብሪያ እጅግ ትንሽ ነው፣ ሽቦውም መብራቱም የኛ ነው። ሕዋሱ እንዲያውም የፒ-ቴፍ-ቢን አብዛኛውን ክፍል ሰባት-ኤስኬ በሚባል አርኤንኤና ሄክሲም1 በሚባል ፕሮቲን ቆልፎ እንደ ጎተራ እህል ያስቀምጠዋል፤ ታት ይህንንም ቁልፍ ያላቅቃል። በተኛ ሲዲፎር ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ሳይክሊን ቲ1 ራሱ ጥቂት ነው። ጎተራው ባዶ ሲሆን ቁልፍ መክፈት አይጠቅምም።

አሁን የክርክሩ እምብርት ላይ ደርሰናል። ታት የሚሠራው ከቫይረሱ ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ ሙሉ ጽሑፍ የሚጻፈው ደግሞ ታት ሲኖር ነው። እንቁላልና ዶሮ። ነገሩ የሚጀመረው በስርቆሽ ነው፤ ክንዱ የተያዘ ጸሐፊም አልፎ አልፎ ሾልኮ እስከ መጨረሻው ይጽፋል፣ ከዚያች ሾላካ ጽሑፍ ጥቂት ታት ይሠራል። እነዚያ ጥቂቶች ከመበላሸታቸው በፊት ታርን ካገኙ ሁለተኛ ሙሉ ጽሑፍ ይወጣል፣ ታት ይጨመራል፣ የተጨመረው ሌላ ያወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ሕዋሱ የቫይረስ ፋብሪካ ይሆናል። ካላገኙ ግን ይበላሻሉ፣ ቦግ ያለው እልም ይላል። ሁለቱ ውጤቶች የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም መነሻቸው ላይ የሚለያቸው የጥቂት ፕሮቲኖች ዕድል ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት ነበር። በ2005 በካሊፎርኒያ በርክሊ ሊዮር ዋይንበርገርና ባልደረቦቹ ከቫይረሱ ሰሌዳውን፣ ታትንና አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲንን ብቻ ያስቀሩበት የተመናመነ ቅርጽ ሠርተው በሕዋሳት ውስጥ ሰፉት። ታት ሲበዛ ሕዋሱ ያበራል፣ ሲጠፋ ይጨልማል። ደብዘዝ ያሉትን ለይተው እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው አራቡት። ልብ እንበል፤ ከአንድ ሕዋስ የተራቡ ናቸውና ዘራቸው አንድ ነው፣ ቫይረሱ የተሰፋበትም ቦታ አንድ ነው፣ የሚኖሩበት ሳህንና የሚመገቡት ምግብ አንድ ነው። ሆኖም ከእነዚህ መንትዮች አንዳንዶቹ ደማቅ፣ አንዳንዶቹ ጨለማ ሆኑ፤ በመካከል የሚቆይ አልነበረም። ማንም አላሳደዳቸውም፣ የሚሸሹት መድኃኒትም አልነበረም። «ተደበቀ» የሚለው ቃል ይህን ሳህን እንዴት ያስረዳዋል? ራሱን በራሱ የሚያቀጣጥል ማብሪያ ግን በሚገባ ያስረዳዋል።

ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። የመጀመሪያው፣ በሰው አካል ውስጥ የተኛው ቫይረስ የሚገኘው በተኙ የማስታወሻ ሲዲፎር ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ እንቅልፉ የሕዋሱ እንጂ የታት አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የቫይረሱ መነሻ ላይ ዲኤንኤው በፕሮቲን ድቡልቡል ዙሪያ ተጠምጥሞ ይገኛል፤ ጥምጥሙ ሲጠብቅ ጸሐፊው መቀመጫ እንኳ አያገኝም፣ ስለዚህ ቁልፉ ያለው እዚያ ነው ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን የሚናገሩት ስለ አመዱና ስለ ጭራሮው ነው። አመድ በወፈረ፣ ጭራሮ በጠፋ ቁጥር መያያዝ ይከብዳል፤ ይህ ፍሙ ራሱን የማቀጣጠል ጠባይ እንደሌለው አያሳይም። የዋይንበርገር ቡድን በ2015 ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ ሕዋሱ ወደ ዕረፍት ቢመለስም የታት ዑደት በራሱ ሊዘልቅ እንደሚችል አሳይቷል። ሦስተኛው ተቃውሞ በክሮሞሶም ላይ ከተሰፉት ቫይረሶች ከ90 በመቶ የሚበልጡት የተበላሹ፣ ፈጽሞ የማይነሱ መሆናቸውን ይጠቅሳል። እዚህ ላይ መቀበል ነው፤ አብዛኛው ከሰል ሆኖ ቀርቷል። ሊነሳ የሚችለው ከተኙት ሕዋሳት በሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ችግሩ አንዲት ፍም ቤት ለማቃጠል መብቃቷ ነው።

ሬቭ ስለሚባለው ሁለተኛው አዛዥ ፕሮቲን ብዙ አልልም። ሥራው የረዘሙትን፣ ገና ያልተከረከሙትን አርኤንኤዎች ከኑክሊየስ ማስወጣት ነው፤ እሱ ከሌለ የቫይረሱ ቅርፊትና የውስጥ አካሎቹ አይሠሩም። ግን ሬቭ የሚመጣው ታት በሩን ከከፈተ በኋላ ነው።

ጭራሮውን ማን ያቀብላል? በ1987 ጋሪ ናቤልና ዴቪድ ባልቲሞር ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለው የሰው ፕሮቲን በቫይረሱ ሰሌዳ ላይ እንደሚያርፍ አሳዩ። ይህ ፕሮቲን በተኛ ሕዋስ ውስጥ ከኑክሊየስ ውጭ ታስሮ ይቆያል፤ ሕዋሱ ጠላቱን ሲያገኝ፣ ሳምባ ነቀርሳ ሲነሳ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሲገባ ተፈትቶ ይገባል። ሕዋሱን ለጦርነት የሚጠራው ደወል ቫይረሱንም ይጠራዋል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደኛ ይቀርባል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው የቫይረሱ ዝርያ ሲ የሚባለው ነው፤ በምዕራቡ ዓለም ተለይቶ የተጠናው ደግሞ ቢ ነው። ዝርያ ቢ በሰሌዳው ላይ ለኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ሁለት ማረፊያ ሲኖረው፣ ሲ በአብዛኛው ሦስት አለው። የማብሪያው አሠራር በቤተ ሙከራ የተፈተሸው በአመዛኙ በቢ ሰሌዳ መሆኑን ሳስብ፣ ከዚያ የሚወጣውን ልኬት እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማሻገር ያሰጋኛል።

በ1990ዎቹ የእስራኤሉ ዝቪ ቤንትዊች ከኢትዮጵያ በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ደም ላይ ያደረጋቸው ጥናቶች ይህን ክር ይዘው ሄደዋል። ቫይረሱ በሌለባቸውም ጭምር የበሽታ መከላከያ ሕዋሶቻቸው ያለ ዕረፍት የነቁ ሆነው አገኛቸው፤ ተጠያቂ ያደረገው በዋናነት የአንጀት ጥገኛ ትሎችን ነበር። በአፍሪካ ኤድስ የሚበረታው የነቃ ሕዋስ ለቫይረሱ ስለሚመች ነው ሲልም ተከራከረ። ሐሳቡ ከማብሪያው ሳይንስ ጋር ቆንጆ ሆኖ ይገጥማል፤ የገጠመ ሁሉ ግን እውነት አይሆንም። በኬንያ ቫይረሱ ያለባቸውን አዋቂዎች ያለ ምርመራ በየጊዜው የትል መድኃኒት የሰጠና ውጤቱ በ2012 የታተመ ሙከራ የበሽታውን ጉዞ አላዘገየም። ትሉን ማጥፋት ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ጭራሮው ግን ከአንድ ጓሮ ብቻ የሚለቀም አይደለም።

ወደ ወረቀቷ እንመለስ። ዛሬ በአገራችን በቅድሚያ የሚሰጠው ባለ ሦስት ውሁድ እንክብል ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር አለው። ሁለቱ አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ እንዳይለወጥ ያግዳሉ፣ ሦስተኛው ዲኤንኤው ክሮሞሶም ላይ እንዳይሰፋ ይከለክላል። ሌሎቹም የመድኃኒት ዘሮች ወይ መግቢያውን፣ ወይ የአዲሱን ቫይረስ መብሰል ይዘጋሉ። አንዳቸውም ማብሪያውን አይነኩም። ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው እሳት እንዳይዛመት አጥር ያጥራሉ፤ ምድጃው ውስጥ ያለውን ፍም አያጠፉም። ሥራቸው ታላቅ መሆኑን ማሳነስ አይገባም፤ በደሙ ውስጥ ቫይረሱ የማይታይና እንዲሁ የዘለቀ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ግን የተኙት ሕዋሳት ክምችት በመድኃኒት ስር በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሚሊዮን ሕዋስ ያለበት ሰው እስኪጠራ ከ70 ዓመት በላይ መዋጥ ይኖርበታል ማለት ነው።

አጥሩ ሲነሳ የሚሆነውን ለማየት በ33 አገሮች 5,472 ሰዎች የተሳተፉበት ስማርት የተባለ ሙከራ ይበቃል። መድኃኒቱን እንደ ሲዲፎር ቁጥራቸው እያቋረጡ የወሰዱት ሰዎች ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ ለከባድ ተጓዳኝ በሽታ ወይም ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 2.6 እጥፍ ሆነና ሙከራው በ2006 ተቋረጠ። የሚሲሲፒዋ ሕፃን ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። በተወለደች በ30 ሰዓቷ መድኃኒት ተጀመረላት፤ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ 27 ወር ቫይረሱ አልታየባትም። ዓለም ዳነች አለ፤ በ2014 ተመለሰ። ሁለት ዓመት ከሩብ የት ነበር? ከሚሊዮኖች አንዲት ሕዋስ ውስጥ ታት ሳይጠራቀምለት ኖረ ከማለት የተሻለ መልስ አላውቅም። በኛም አገር መድኃኒቱን ትተው ፀበል ቦታ የሰነበቱ ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ደህና ነኝ ማለታቸውን በቅጥፈት መፈረጅ ስሕተት ነው። ፍሙ እስኪያያዝ በእርግጥም ደህና ናቸው፤ አደጋውም ይኸው ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ፀበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው በዚህ ረገድ ከብዙ ፖስተር የሚበልጥ ሥራ ነበር።

ፈውስ የሚፈልጉት ተመራማሪዎች ከማብሪያው ፊት ደርሰው በሁለት ተከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ፍሙን ቀስቅሰን እናቃጥለው፣ የተቀጣጠለውን ሕዋስ የአካሉ መከላከያ ይግደለው ይላሉ። በ2012 ዴቪድ ማርጎሊስና ባልደረቦቹ ቮሪኖስታት የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ለስምንት ሰዎች ሰጥተው በተኙት ሕዋሶቻቸው ውስጥ የቫይረሱን አርኤንኤ በአማካይ ወደ አምስት እጥፍ ከፍ አደረጉት። መቀስቀስ ይቻላል። ነገር ግን ይኸው መድኃኒት ከክትባት ጋር ተዳብሎ በብሪታንያ በ60 ሰዎች ላይ ሲፈተሽና ውጤቱ በ2020 ሲወጣ የክምችቱ መጠን አልቀነሰም። ይህ ሊያስገርመን አይገባም ነበር። ቮሪኖስታት የሚያላላው ጥምጥሙን ነው፤ ከአመዱ ጥቂት ጠረግ ማድረግ ነው። ታት እስኪጠራቀም ካልተደረሰ ሕዋሱ ቁርጥራጭ አርኤንኤ ከማውጣት አያልፍም፣ የሚገድለውም አያገኘውም።

ሁለተኛዎቹ ተቃራኒውን ይላሉ፤ ታትን ዝም አሰኝተን አመዱ እየወፈረ ይሂድ፣ ፍሙ ከሰል ሆኖ ይቅር። እኔ ይህ መንገድ ከማብሪያው ጠባይ ጋር ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ራሱን እየመገበ የሚኖር ዑደት ምግቡ ሲቋረጥበት ወደ ጨለማው ጎን ያዘነብላልና። ያም ሆኖ ታሪኩ ሊያኮራን አይገባም። የሮሽ ኩባንያ ገና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታትን ይቃረናል ያለውን ውህድ አዘጋጅቶ በሰው ሲሞክረው ፀረ ቫይረስ አቅም አጣ። ሲዲኬ9ን መዝጋትማ የራሳችንን ሕዋሳት ብዕር መስበር ነው። ዛሬ ተስፋ የተጣለበት ውህድ ከባሕር ስፖንጅ በተገኘ ኮርቲስታቲን ከሚባል ንጥረ ነገር የተቀዳ ነው። የሱዛና ቫሌንቴ ቡድን በ2012 እንዳሳየው ይህ ውህድ ታት ታርን በሚጨብጥበት እጁ ላይ ያርፋል። እሱንም ቢሆን ቫይረሱ በቤተ ሙከራ ሊያመልጠው ችሏል፤ ያመለጠበት መንገድ ደግሞ አስተማሪ ነው። ታትን አልለወጠም፤ ሾልኮ የሚወጣው ጽሑፍ ያለ ታትም እንዲበዛ አደረገ። ሦስት ማረፊያ ያለው የኛ ሰሌዳ ከመነሻው ለዚህ ይቅረብ ይራቅ የሚለው ከዝርያ ሲ ደም ላይ የሚፈተሽ ነገር ነው።

ውህዱ በእንስሳ ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2017 ታትሟል። አይጦቹ ተራ አይጦች አልነበሩም፤ በ261ኛው ቦታ ታይሮሲን ባለበት ሕዋስ ታት ስለማይረባ የሰው ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲያድጉባቸው ተደርገው ነበር። መጀመሪያ በተለመደው መድኃኒት ቫይረሱ ተዳፈነባቸው፣ ከዚያ ውህዱ ታከለበት፣ በመጨረሻ ሁሉም ተቋረጠ። ውህዱን ካላገኙት ላይ ቫይረሱ ቶሎ ተመለሰ። ካገኙት መካከል ባንዳንዶቹ ደም ውስጥ እስከ 19 ቀን ድረስ አልታየም።